ልጁ ሙቀት ክፍል ሲገባ ቤተሰቡ ምን ይሠራል?

ከ37 ሳምንት በፊት የተወለደ ሕፃን ሁሉ ያለጊዜው የተወለደ ይባላል። ይሁንና በ36 ሳምንት የተወለደና በ29 ሳምንት የተወለደ አንድ አይደሉም። የ36 ሳምንቱ ብዙ ጊዜ ከእናቱ ጎን ተኝቶ ጡት ይጠባል። የ29 ሳምንቱ ሳንባው፣ አንጀቱ፣ ቆዳውና የአንጎሉ ደም ሥሮች ገና አልጠነከሩም። ስለዚህ ቤተሰቡ ለሐኪሙ የሚያቀርበው የመጀመሪያ ጥያቄ «ስንት ሳምንቱ ነው? ስንት ግራም መዘነ?» የሚል ይሁን። ሕፃኑ ምን እንደሚያሰጋው፣ በምን እንደሚመገብና ስንት ጊዜ እንደሚቆይ የሚወስኑት በአብዛኛው እነዚህ ሁለት ቁጥሮች ናቸው። «የሰባት ወር ልጅ ይተርፋል፣ የስምንት ወር ግን አይተርፍም» ሲባል ይሰማል፤ ስህተት ነው። ማኅፀን ውስጥ የተጨመረች እያንዳንዷ ሳምንት ትጠቅማለች፤ የስምንት ወሩ ከሰባት ወሩ የተሻለ ዕድል አለው።

በድሬዳዋ ድል ጮራም ሆነ የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ማስተማሪያ በሆነው በሐረሩ ሕይወት ፋና፣ የሕፃኑ ዘመድ ብዙውን ጊዜ ራሱን የሚቆጥረው እንደ ስንቅ አመላላሽና እንደ ጠያቂ ነው። መድኃኒት ግዙ ሲባል ይሮጣል፣ ከዚያ ደጅ ላይ ይቀመጣል። ይህ ልፋት ያስፈልጋል። ነገር ግን ለእነዚህ ሕፃናት ሕይወት ከሁሉ የሚበልጡት ሁለት ነገሮች ከፋርማሲ አይገዙም፦ የእናት ወተትና የሰው ገላ ሙቀት። የቤቱ ሥራ፣ ገንዘቡም፣ የሰዉም ድልድል፣ እናትየዋ እነዚህን ሁለቱን ሳትቸገር እንድትሰጥ መሆን አለበት። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የዚህ ዝርዝር ነው።

ክፍሉ ውስጥ ያለው መሣሪያ

ያለጊዜው የተወለደ ሕፃን ከቆዳው ሥር ስብ እምብዛም የለውም፣ ቆዳው ስስ ነው፣ ጭንቅላቱ ከሰውነቱ አንጻር ትልቅ ነው፤ ስለዚህ ሙቀቱ ቶሎ ያመልጣል። በብብት ሲለካ ከ36.5 እስከ 37.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መሆን አለበት። ሲበርደው ያለውን ስኳርና ኦክስጅን ለሙቀት ያቃጥላል፤ ትንፋሹ ይከብደዋል፣ በደሙ ያለው ስኳር ይወርዳል፣ ክብደቱም አይጨምርም። «ድሬ ላይ ማን ይበርደዋል?» የሚለው አባባል ብዙ ልጅ ጎድቷል። ሽንት ያረጠበው ሕፃን ፋን ከተነፈሰበት በግንቦት ቀትርም ይቀዘቅዛል። ተቃራኒውም አለ፦ በዚያው ቀትር በሦስት ብርድ ልብስ የተጠቀለለ ልጅ ሙቀቱ ከ37.5 ያልፍና ትኩሳት ይመስላል። ሐረር ደግሞ ቀኑ ደህና ሆኖ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል። መፍትሔው ቴርሞሜትር ነው፤ በመዳፍ ግንባር መንካት አያስተማምንም። ቴርሞሜትር በሌለበት ሰዓት የእግሩን መርገጫና ሆዱን ይንኩ፤ ሆዱ ሞቆ እግሩ ከቀዘቀዘ ብርዱ ጀምሮታል ማለት ነው።

አፍንጫው ላይ ሁለት አጫጭር ቱቦዎች ተሰክተው፣ የመስመሩ ጫፍ ውኃ ባለበት ጠርሙስ ውስጥ ቡልቅ ቡልቅ የሚል ከሆነ ሲፓፕ ይባላል። የሳንባ ጥቃቅን ከረጢቶች አየር ሲወጣ እንዳይጣበቁ የሚያደርግ ፈሳሽ አለ፤ እሱ በበቂ መጠን የሚገኘው ከ34 ሳምንት ገደማ ጀምሮ ነው። ያ እስኪሆን ሲፓፑ ከረጢቶቹን በአየር ግፊት ከፍቶ ይይዛል። ቡልቅታው ከቆመ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ሁለት ነው፦ አፍንጫው ላይ ያለው ወልቋል፣ ወይም አንዱ መገጣጠሚያ ተላቋል። ወዲያው ነርስ ጥሩ፤ ራሳችሁ አትሰኩ። ቱቦው የአፍንጫውን መሐል አጥንት ተጭኖ ቆዳው እንዳይቆስል ማየት ግን ከእናት ዓይን የተሻለ የለም፤ መቅላት ካዩ ይናገሩ።

እግሩ ላይ የተጠመጠመው ቀይ መብራት በደሙ ያለውን ኦክስጅን በመቶኛ ያነባል። ኦክስጅን ለሚወስድ እንዲህ ያለ ሕፃን የሚፈለገው ከ90 እስከ 95 ነው። ብዙ ቤተሰብ 100 ሲያይ ይደሰታል፤ በእነዚህ ልጆች ግን የተትረፈረፈ ኦክስጅን ገና በማደግ ላይ ያሉትን የዓይን ደም ሥሮች ያበላሻል፣ ማየት እስከ ማሳጣት ይደርሳል። ስለዚህ ማስተካከያውን ማዞር የነርሷ ብቻ ነው። መሣሪያው ሲጮህ መጀመሪያ ልጁን ይመልከቱ፤ ከንፈሩ ቀይ ሆኖ ደረቱ ከተንቀሳቀሰ ብዙ ጊዜ እግሩን አወራጭቶት ነው።

አንዳንዴ ግን እውነት ነው። ትንፋሽ የሚያዘው የአንጎል ክፍል ስላልበሰለ ልጁ ለ20 ሰከንድና ከዚያ በላይ መተንፈስ ይረሳል። ያን ጊዜ የእግሩን ውስጥ ወይም ጀርባውን ፈጠን አድርጎ ማሸት፣ አንገቱ ወደ ደረቱ ታጥፎ ከሆነ ቀና ማድረግ፣ በዚያው ቅጽበት ነርስ መጥራት ነው። አያስደንግጣችሁ ብለን አንዋሽም፤ ነገር ግን የተለመደ ነው፣ መድኃኒትም አለው። ካፌን ወይም አሚኖፊሊን ታዘዘ ሲባል ለዚሁ ነው።

ቢጫ ሲሆን ሰማያዊ መብራት ሥር ያስገቡታል። ዓይኑ ይሸፈናል፣ ዳይፐር ብቻ ይደረግለታል፣ ወተቱ አይቋረጥም። ቤት ወስዶ ጸሐይ ማሞቅ አይተካውም፤ መጠኑ አይታወቅም፣ ልጁም ወይ ይበርደዋል ወይ ይቃጠላል።

እጅ መታጠብ ላይ አንድ ነገር አጥብቀን እንናገር። እነዚህን ሕፃናት በብዛት ከሚገድሉት አንዱ ኢንፌክሽን ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚገባውም በሰው እጅ ነው። ቀለበት፣ ሰዓት፣ አምባር ይወልቃል፤ እጅጌ ከክርን በላይ ይሰበሰባል፤ በሳሙና ከ40 እስከ 60 ሰከንድ፣ በጣቶች መሐልና በጥፍር ሥር ጭምር። ሳኒታይዘር ከ20 እስከ 30 ሰከንድ፣ እጅ በዓይን ንጹሕ ሲሆን ብቻ። ከታጠቡ በኋላ ስልክ ካነሱ እንደገና ይታጠቡ። ውኃ በሚቋረጥበት ቀን ቤተሰቡ ቧንቧ ያለው ጀሪካንና ሳሙና ይዞ መምጣቱ ከአንድ ከረጢት ብርቱካን ይበልጣል። ጉንፋን የያዘው አስታማሚ፣ አባትም ቢሆን፣ አይግባ።

ወተቱ

የቀመር (የቆርቆሮ ዱቄት) ወተት በእነዚህ ልጆች ሆድ ላይ ከባድ ነው። አንጀታቸው በደም እጥረትና በባክቴሪያ የሚቆስልበት አደገኛ በሽታ አለ፤ የእናት ወተት ይህን በጉልህ ይቀንሳል። ሆዱ ተነፍቶ ከተወጠረ፣ አረንጓዴ ካስመለሰ ወይም ሰገራው ደም ካለው ቀጣዩ ምግብ ሳይሰጥ ነርስ ይጠራል።

ከ34 ሳምንት በፊት አብዛኛው ሕፃን መጥባት፣ መዋጥና መተንፈስን አቀናጅቶ አይችልም፤ ስለዚህ ወተቱ በቱቦ ወደ ሆዱ ይሄዳል። እናትየዋ ግን ልጁ ጡት እስኪይዝ ከጠበቀች ወተቷ ይደርቃል። ጡት የሚያመርተው በሚወጣለት ልክ ነው። ስለዚህ ማለብ በተወለደ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት፣ ቢዘገይ በ6 ሰዓት ውስጥ፣ ይጀመራል፤ ከዚያ በ24 ሰዓት ቢያንስ 8 ጊዜ፣ ሌሊትም ቢያንስ አንድ ጊዜ። ሌሊቱን መዝለል ነው ብዙውን ጊዜ ወተቱን የሚያደርቀው። በመጀመሪያው ቀን የሚገኘው ጥቂት ጠብታ ነው፤ ቢጫ እንገሩ እሱ ነው፣ አንዷም ጠብታ አትጣል። በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ በቀን 500 ሚሊ ሊትርና ከዚያ በላይ የደረሰች እናት መንገዷን ይዛለች።

በእጅ ሲታለብ እንዲህ ነው። እጅ ይታጠባል፤ አፉ ሰፊ ኩባያ በሳሙና ታጥቦ በፈላ ውኃ ይለቀለቃል። ጡቱ በሞቀ ጨርቅ ይሸፈናል፣ ቀስ ብሎ ይታሻል። አውራ ጣት ከላይ፣ ሌባ ጣት ከታች፣ በጡቱ ጫፍ ዙሪያ ካለው ጠቆር ያለ ቦታ ጠርዝ ላይ ይደረጋሉ። መጀመሪያ ወደ ደረት መጫን፣ ከዚያ ሁለቱን ጣቶች ማገናኘት፣ መልቀቅ፤ መጫን፣ ማገናኘት፣ መልቀቅ። ጣት በቆዳው ላይ መንሸራተት የለበትም፤ ከተንሸራተተ ይላጣል። ጫፉን ብቻ መጭመቅ ያሳምማል እንጂ ወተት አያወጣም። ከ3 እስከ 5 ደቂቃ በኋላ ፍሰቱ ሲቀንስ ወደ ሌላው ጡት፣ ከዚያ ተመልሶ፤ በጠቅላላው ከ20 እስከ 30 ደቂቃ። የሚያም ከሆነ አያያዙ ልክ አይደለም፣ ነርሷ ታሳያት።

ስንት ይበቃዋል? ሐኪሙ ከትንሽ ጀምሮ በየቀኑ እየጨመረ በኪሎ በቀን ወደ 150–180 ሚሊ ሊትር ያደርሰዋል። 1,500 ግራም የሚመዝን ሕፃን በኪሎ 160 ከታዘዘለት በቀን 240 ሚሊ ሊትር ነው፤ በየ3 ሰዓቱ ሲሆን 30፣ በየ2 ሰዓቱ ሲሆን 20 ሚሊ ሊትር። ቤተሰቡ ይህን ቁጥር ማወቅ አለበት፤ «ጠገበ» እና «አልጠገበም» በሚለው አይመራም።

በቱቦ ሲሰጥ የሲሪንጁ መግፊያ ወልቆ ወተቱ በራሱ ክብደት ይወርዳል። መግፋት አያስፈልግም፤ የተገፋ ወተት ተመልሶ ወደ ሳንባ ሊሄድ ይችላል። ቱቦው ቦታው ላይ መሆኑን አስቀድሞ ነርሷ ታረጋግጣለች። ወደ 32–34 ሳምንት ሲደርስ በስኒ መመገብ ይጀመራል፤ የቡናችን ስኒ ለዚህ የተሠራ ይመስላል። ልጁ ቀና ተደርጎ ይያዛል፣ የስኒው ጠርዝ የታችኛውን ከንፈር ይነካል፣ ወተቱ ከንፈሩን እስኪያርስ ይዘነበላል፣ ልጁ በምላሱ ይልሳል። አፉ ውስጥ አይፈስም። ጡጦ ለማጽዳት ያስቸግራል፣ ጡት መያዝንም ሊያደናቅፍ ይችላል፤ ገዝቶ ያመጣ ዘመድ ካለ በአክብሮት ይመለስለት።

እናትየዋ ቤት አድራ ወተት የምትልክ ከሆነ፣ የታለበ ወተት ከ25 ዲግሪ በማይበልጥ ክፍል 4 ሰዓት፣ በፍሪጅ እስከ 4 ቀን ይቆያል። ድሬ ላይ ያ 4 ሰዓት አይሠራም፤ ክፍሉ 32 ዲግሪ ሲሆን ወዲያው መስጠት ወይም በረዶ ባለበት አይስ ቦክስ ማስቀመጥ ይገባል። በባጃጅ ሲላክ በረዶው ዙሪያውን ይሁን። ክዳኑ ላይ የእናት ስም፣ ቀንና ሰዓት ይጻፍ። ልጁ በልቶ ያስተረፈው አይቀመጥም። ክብደቱ ቀስ ካለ መጨረሻ ላይ የሚወጣውን ወፍራም ወተት ለብቻ አድርጎ ማስቀደም ይረዳል፤ ሐኪሙን ጠይቁት።

ቅቤ ማላስ፣ የአብሽ ውኃ፣ ስኳር በውኃ፣ ለዚህ ልጅ ምንም አይገባም። ይህንን ለአያት መናገር ይከብዳል፤ ነርሷ ብትነግራቸው ይቀላል። ሶማሊኛ ወይም ኦሮምኛ ብቻ የሚናገሩ ከሆነ ቋንቋውን የምትችል ሠራተኛ እንድትነግራቸው ይጠየቅ።

ገላ ለገላ

ሕፃኑን ገላ ለገላ ደረት ላይ አስሮ ማሞቅ የካንጋሮ እንክብካቤ ይባላል። በ1978 እ.ኤ.አ. በኮሎምቢያ ቦጎታ የተጀመረው ኢንኩቤተር (የሕፃን ማሞቂያ ሣጥን) በማጣት ነበር። ዛሬ ግን የድሃ መተኪያ ተደርጎ መታየት የለበትም። በጋና፣ በሕንድ፣ በማላዊ፣ በናይጄሪያና በታንዛኒያ ተሠርቶ በ2021 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት፣ ከ1 ኪሎ እስከ 1.8 ኪሎ የሚመዝኑ ሕፃናት ገና ሳይረጋጉ ወዲያው ገላ ለገላ ሲደረጉ የሞት መጠን በሩብ እንደሚቀንስ አሳይቷል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ከተወለዱ ጀምሮ በቀን ከ8 እስከ 24 ሰዓት እንዲደረግ ይመክራል። ስለዚህ «መቼ ነው ካንጋሮ የምንጀምረው?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለበትም።

ሕፃኑ ዳይፐር፣ ኮፍያና ካልሲ ብቻ አድርጎ በእናቱ ጡቶች መሐል ቀጥ ብሎ ይደረጋል፤ ደረቱ ደረቷን ይነካል። ጭንቅላቱ ወደ አንድ ጎን ዞሮ አገጩ ትንሽ ቀና ይላል፤ ወደ ፊት ከታጠፈ የአየር መንገዱ ይዘጋል፣ ወደ ኋላ ከተለጠጠም እንደዚያው። እጆቹም እግሮቹም እንደ እንቁራሪት ይታጠፋሉ። ከዚያ ጨርቅ ይጠመጠማል፤ የላይኛው ጠርዝ ከጆሮው በታች ያርፋል፣ ጥብቁ ክፍል ደረቱ ላይ፣ ሆዱ ላይ ግን ላላ ያለ፣ ምክንያቱም የሚተነፍሰው በሆዱ ነው። የታጠበ ነጠላ አራት ታጥፎ ጥሩ ያስራል። ሽቲ (ሰፊ ቀሚስ) የለበሰች እናት ከአንገት በታች እንድትከፈት አድርጋ ብታሰፋት፣ ወይም ፊት ለፊት የሚከፈት ጋዋን ብትለብስ ይቀላታል። ስትተኛ ጀርባዋን በትራስ ቀና አድርጋ ትደገፍ።

አንዴ ደረቷ ላይ ከወጣ ቢያንስ ለአንድ ሰዓት ይቆይ፤ በየአሥር ደቂቃው ማንሳትና መመለስ ያደክመዋል። ሽንት ቤት ስትሄድ፣ ስትበላ፣ ስትታጠብ አባት ወይም አያት ልጁን ይረከቧታል። የወንድ ደረት እንደ ሴት ያሞቃል። በዚህ አካባቢ ብዙ አባት ያፍራል፤ መጋረጃ ወይም ሻሽ ይበቃል፣ እፍረቱ በሁለተኛው ቀን ያልፋል። መንታ ከሆኑ ሁለቱም አንድ ደረት ላይ ይችላሉ፣ ሁለት ሰው ካለ ይሻላል። ደረቱ ላይ ሽቶ፣ ቪክስ ወይም ቅባት አይኑር።

በድሬ ሙቀት እናትየዋን ራሷን ያልባታል፣ ልጁንም። ጨርቁ ቀጭን ይሁን፣ ኮፍያው በቀትር ሊወልቅ ይችላል፣ ፋኑ ወደ ግድግዳ ዞሮ ክፍሉን ያቀዝቅዝ እንጂ ልጁ ላይ አይንፈስ። ከድሬ ወደ ሐረር ወይም ከሐረር ወደ ድሬ በሪፈር ከተላከ፣ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆነውን መንገድ በእናቱ ደረት ታስሮ መሄዱ ይመረጣል፤ ደንገጎን ሲወጡ አየሩ በአንድ ጊዜ ይለወጣል። ይህን ሲጠይቁ አምቡላንሱ ከመነሳቱ በፊት ይሁን።

ቤቱን ማደራጀት

ልጁ በ30 ሳምንት ከተወለደ ከ4 እስከ 8 ሳምንት ሆስፒታል ሊቆይ ይችላል፤ ብዙ ጊዜ ወደ ቤት የሚሄደው መወለጃው ቀን ሊደርስ አካባቢ ነው። የመጀመሪያው ሳምንት ላይ ሁሉም ሰው ይመጣል፣ ሦስተኛው ላይ ማንም የለም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የተባለው እዚህ ላይ ይሠራል፤ ዘመድ ሲመጣ «ምን እናግዝ?» ካለ የታወቀ ሥራ ይሰጠው። አንዱ ምግብ ያመላልስ፣ አንዱ ሌሊት አስታማሚ ይሁን፣ አንዱ ቤት ያሉ ልጆችን ትምህርት ቤት ያድርስ፣ አንዱ ለመድኃኒት የሚያስፈልገውን ገንዘብ ይያዝ። ሐኪሙን የሚያነጋግረው ግን ሁልጊዜ አንድ ሰው ይሁን፤ አምስት ሰው በአምስት ጊዜ ሲጠይቅ አምስት ወሬ ይወጣል። በየቀኑ በአንድ ደብተር ክብደት፣ የወተት መጠን፣ የተሰጠ መድኃኒትና የሐኪም ቃል ይጻፍ። ፋርማሲ ላይ ከውጭ የተገዛ መድኃኒት ደረሰኝ ይቀመጥ። የጤና መድን ያለው የመድን ደብተሩን ከመጀመሪያው ቀን ያሳይ፤ የሚከፈለው ምን እንደሆነ ማወቅ የሚቻለው ከሆስፒታሉ ማኅበራዊ አገልግሎት ወይም ሊያዞን ቢሮ ነው። ከባቢሌ፣ ከጭሮ ወይም ከጅጅጋ የመጣ ቤተሰብ የእናቶች ማረፊያ መኖሩን እዚያው ይጠይቅ።

የወሊድ ፈቃድ ላይ ብዙ ሰው ይጎዳል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ከወሊድ በፊት 30 ቀን፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ይሰጣል። ልጁ ያለጊዜው ከተወለደ ድኅረ ወሊዱ 90 ቀን ከወለደችበት ቀን ይጀምራል፣ ያልተጠቀመችበት ቅድመ ወሊድ ግን አይደመርላትም። ስለዚህ ልጁ ሆስፒታል በተኛበት ጊዜ ቀኑ እየቆጠረ ነው፤ የዓመት ፈቃድና የሕክምና ማስረጃ ይዞ አሠሪን አስቀድሞ ማነጋገር ያስፈልጋል። አባት 3 ተከታታይ ቀን ከደመወዝ ጋር አለው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጨርሶት ከመሄድ፣ ልጁ ወደ ቤት ሲገባ ቢያውለው ይሻላል፤ አሠሪው ይህን ከፈቀደ።

ቤት ያሉ ታላላቆች እውነቱን በአጭሩ ይነገራቸው፦ «ወንድማችሁ ቶሎ መጣ፣ ትንሽ ነው፣ ሐኪም ቤት ያድጋል።» «ነገ ይመጣል» ተብሎ ሲቀር እምነት ያጣሉ። ሲያዩት ደግሞ ቱቦዎቹን አስቀድሞ በፎቶ ማሳየት ይረዳል።

አራስ ጥየቃው ወደ ቤት ይዛወር። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» የሚል ሰው እናትየዋን አስለቅሶ ሳይሄድ ሰላምታውን በስልክ ያድርስ። በክርስቲያኑ ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን ክርስትና ስትነሣ፣ በሙስሊሙም በሰባተኛው ቀን ዐቂቃ ሲደረግ፣ ልጁ ሆስፒታል ሆኖ ሊያልፍ ይችላል፤ የሃይማኖት አባቶች አስጊ ሁኔታን አስቀድመው የሚያውቁት ነገር ነው፣ ጠይቋቸው። እናት እስከ 40 ቀን አትውጣ የሚለው ወግ ግን ወተት በሚጠባበቅ ልጅ ላይ መጫን የለበትም። ትሄዳለች፣ ራስዋን ተከናንባ።

እናትየዋ ራሷ ታካሚ ናት

ልጁ ያለጊዜው የተወለደበት ምክንያት የእናት ደም ግፊት ከሆነ፣ ግፊቱ ከወሊድ በኋላም እስከ 6 ሳምንት ሊቆይ ይችላል። ከባድ ራስ ምታት፣ ዓይን ማብዛዛት፣ ከጎድን ሥር ሕመም፣ ትኩሳት፣ ሽታ ያለው ፈሳሽ ወይም በሰዓት ሞዴስ የሚሞላ ደም ካለ ለልጁ ብላ አትታገሥ፤ እዚያው ሆስፒታል ውስጥ ወደ ማዋለጃ ክፍል ትሂድ። ቀዶ ሕክምና ካደረገች ቁስሉ እንዲደርቅ ከባድ ነገር አታንሣ።

ገንፎም አጥሚትም ጥሩ ናቸው፤ ውኃ ግን አይረሳ፤ በድሬ ሙቀት የምታልብ እናት ጠርሙሷ ከአጠገቧ አይለይ። ጫት ይቆም። ውስጡ ያለው አነቃቂ ነገር ወደ ወተት ያልፋል፣ የምግብ ፍላጎትንም ይዘጋል፤ በዚህ አካባቢ ብዙ ቤት ስለሚቃም በግልጽ መነገር አለበት። ልቅሶ፣ ቁጣ፣ ልጁን ለመንካት መፍራት በመጀመሪያዎቹ ቀናት ብዙ እናት ላይ ይታያል። ሁለት ሳምንት ካለፈ፣ ልጁ ሲተኛ እንኳ እንቅልፍ ካጣች፣ ወይም ራሷን ወይም ልጁን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣባት ለሐኪም ይነገር። «ሆድ ይፍጀው» ብሎ ማለፍ እዚህ አይሠራም።

ክብደቱ መጀመሪያ ይወርዳል። ከተወለደበት እስከ 10 በመቶ፣ በጣም ትንንሾቹ እስከ 15 በመቶ ይቀንሳሉ፤ 1,500 ግራም የነበረው 1,350 ቢሆን ወተት አንሶት አይደለም፣ ውኃው ወጥቶ ነው። በ10 እስከ 14 ቀን ወደ መነሻው ይመለሳል። ከዚያ በኪሎ በቀን 15 ግራም ገደማ ይጨምር፤ ለ1,500 ግራሙ በቀን ወደ 22 ግራም መሆኑ ነው። ሚዛን አንድ ቀን ቢቀርም ሁለት ቀን ተከታትሎ ካልጨመረ መጠየቅ ይገባል።

መንገዱ ቀጥ ያለ አይደለም። ከሲፓፕ የወረደ ልጅ ተመልሶ ሊገባ፣ መብላት የጀመረ ሊያቆም ይችላል። አንዳንዱም አይተርፍም፤ ይህንን ሳንጽፍ ማለፍ አይገባንም። ሕፃኑ ካረፈ የእናት ወተት ግን ይመጣል፣ ማንም ሳይነግራት ይደርስባታል። ጡቷ ሲወጠር ሕመሙ እስኪቀንስ ብቻ ትንሽ ታልባለች፣ አጥብቃ አታስረውም፣ ቀዝቃዛ ጨርቅ ታደርጋለች፤ በሳምንት በሁለት ሳምንት ይደርቃል።

ወደ ቤት ሲመለስ

ለመውጣት ክብደቱ ብቻ አይታይም። በጡት ወይም በስኒ ይመገባል፣ ለሦስት ተከታታይ ቀን ጨምሯል፣ ያለ ማሞቂያ ሙቀቱን ይይዛል፣ ትንፋሹ አይቆምም፣ እናትየዋም ትችላለች። ብዙ ቦታ ክብደቱ 1,800 ወይም 2,000 ግራም ሲሞላ ይወጣል። ከመውጣቱ በፊት ቢያንስ አንድ ሌሊት እናትየዋ በነርስ ዓይን ሥር ለብቻዋ ብታሳድረው ድንጋጤውን ይቀንሳል። የዓይን ምርመራ የሚያስፈልገው፣ በተለይ ከ1,500 ግራም በታች ወይም በ30 ሳምንትና ከዚያ በፊት ለተወለደ፣ ከተወለደ 4 ሳምንት ገደማ ነው፤ የት እንደሚደረግ በጽሑፍ ይያዝ፣ ካለፈ ማካካሻ የለውም። የልደት ማሳወቂያውንም ይቀበሉ፤ ልደት የሚመዘገበው በ90 ቀን ውስጥ ነው።

ቤት ውስጥ ካንጋሮው ይቀጥላል፣ ልጁ ራሱ እየተንፈራገጠ እስኪጠላው። በየቀኑ ማጠብ አያስፈልግም፣ በሞቀ ጨርቅ መጥረግ ይበቃል። ዕጣን፣ ከሰልና የጫት ቤት ጭስ ካለበት ክፍል ይራቅ። እንጥል ማስቆረጥ፣ ድድ ማስነቀል ፈጽሞ አይደረግ፤ ግርዛትም ክብደቱና ሐኪሙ እስኪፈቅዱ ይቆይ። ለእንቅልፍ ሲተኛ በጀርባው ይተኛ። የብረት ጠብታ ሐኪሙ ባዘዘው መጠን ይሰጥ፤ በተለምዶ ከሁለት ሳምንት ዕድሜ ጀምሮ በኪሎ በቀን ከ2 እስከ 4 ሚሊ ግራም ነው፣ ጠርሙሱ ላይ ያለው መጠን ስለሚለያይ በሲሪንጅ ስንት እንደሆነ ነርሷ ምልክት አድርጋ ታሳይ።

በደቂቃ ከ60 በላይ ከተነፈሰ፣ ጎድኑ ወደ ውስጥ ከገባ፣ ካቃሰተ፣ ሁለት ጊዜ ተከታትሎ ካልበላ፣ ከ35.5 በታች ወይም ከ37.5 በላይ ከሆነና ገላ ለገላ አድርጎ ካልተስተካከለ፣ መዳፉና እግሩ ሥር ቢጫ ከሆነ፣ ከተንቀጠቀጠ ወይም ሲነቃ ከዛለ፣ ሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል ይሂድ። 2,500 ግራም እስኪሞላ ቢያንስ በሳምንት አንድ ጊዜ ይመዘናል።

ከጎረቤት ልጅ ጋር አታወዳድሩት። በ30 ሳምንት የተወለደ ልጅ 10 ሳምንት ቀድሟል፤ 6 ወር ሲሞላው እድገቱ የሚለካው እንደ 4 ወር ልጅ ገደማ ነው፣ እስከ 2 ዓመቱም እንዲሁ ይቆጠራል። ክትባት ግን በዚህ አይቀነስም፤ ከተወለደበት ቀን ተቆጥሮ በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት ይከተባል፣ ሆስፒታል ቢሆንም።